ከሰባ ስልሳ ዘጠኝ

ቦንጋ ውስጥ እንደ ትሁት ወሬ የምትወድ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ችግሩ ግን ወሬዋን የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ አንድ ሰው ናፊሳ ናት። ናፊሳ ደግሞ ልታገባ ነው።

ትሁት ከቦንጋ ራቅ ያለች የቢታ ገነት የምትባል ከተማ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አባቷ ሌላ አገባ። አዲሷ ሚስት ክፉ ሆና አይደለም፣ ብቻ ቤቱ ጠበበ። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ «ቦንጋ ሄደሽ ብትማሪ ይሻላል» ተባለችና ከናፊሳ አባት ከጋሽ ኸሊፋ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራዩላት። አስረኛ ላይ ውጤት አልመጣላትም። የመጣላቸው ልጆች መሰናዶ ገቡ፣ ከዚያ ጅማ፣ አዋሳ፣ አንዷማ መቀሌ ድረስ ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን ይደውሉ ነበር። ኋላ ለበዓል ብቻ፣ ኋላ ሚስኮል ብቻ። ኋላ እሱም ቀረ።

ትሁት ሥራ ያገኘችው ቡና መጋዘን ነው፤ ለቃሚ ሆና። ሴቶቹ በረጅሙ ተደርድረው ይቀመጡና ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። እዚያ ማውራት ክልክል ነው። ያወራች ሴት ጥቁር ፍሬ ታሳልፋለች ተብሎ ተቆጣጣሪው ከኋላ ከኋላ ይዞራል። አስቡት እንግዲህ፣ እንደ ትሁት ያለች ልጅ ስምንት ሰዓት ሙሉ አፏን ዘግታ! የሚገርመው ግን ዓይኗ ተሳለ። ሌሎቹ ሦስቴ አይተው ያሳለፉትን እሷ አንዴ አይታ ታወጣዋለች። ይሄን ያዩት ቡና ቀማሹ ጋሽ ፈለቀ ከመስመሩ አንስተው ናሙና ክፍል ወሰዷት። ሥራው ሦስት መቶ ግራም ቡና ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግቶ እንከኑን መቁጠር ነው። ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፤ ዝምታው ግን ባሰ። ጋሽ ፈለቀ በቀን አስር ቃል የሚወጣቸው ሰው አይደሉም።

ታዲያ ማታ ማታ ወደ ናፊሳ ነው። ናፊሳ ሱቅ ውስጥ ቆማ ጨርቅ እያጣጠፈች አንገቷን ሰበር አድርጋ ትሰማታለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ትሁት ስለ ተቆጣጣሪው ጫማ፣ ስለ ጆንያ ቆጣሪው ሳል፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ ስለወደቀችው ድመት ታወራለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» አምስት ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። አንዷ የጴንጤ ልጅ፣ አንዷ የሙስሊም ልጅ፣ አንዷ ለፍላፊ፣ አንዷ ሰሚ።

ጃፈር የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጋሽ ኸሊፋም ዱሮ የመጡት ከዚያው አገር ስለሆነ ቤተሰቦቹ ይተዋወቃሉ። ናፊሳና ጃፈር ጅማ አንድ የዘመድ ሰርግ ላይ ተያዩ፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ በስልክ ሆነ። ናፊሳ ከተንጠለጠለው ጨርቅ ጀርባ ገብታ በሹክሹክታ ታወራለች፣ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል፣ ሁሉንም ለትሁት ትነግራታለች። ትሁት የጃፈርን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ታውቃለች። ከልቧ ነበር የምትስቅላት። ኮምቦልቻ በአውቶቡስ ሁለት ቀን መንገድ መሆኑን ለማሰብ ግን እንቢ ብላ ነበር፤ እስከዚያች እሁድ ድረስ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ የካቲት ላይ ነው። ጃፈር ከአጎቱ ጋር መህሩን ይዞ መጣ። መህር ማለት ያው ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ነው። በዚህ ጉዳይ የናፊሳ እናት እትዬ ሙባረካ ቀልድ አያውቁም። እሳቸው ሲያገቡ የተሰጣቸው የአንገት ሐብል ወርቅ ነው ተብሎ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው አንገታቸው ዙሪያውን አረንጓዴ ሆነ። ያንን ሐብል የገዙት የጋሽ ኸሊፋ አባት ናቸው፤ ምስኪን፣ እሳቸውም ተታለው ነው። ጋሽ ኸሊፋ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሠሩትን ጥፋት ሲሰሙት ኖረዋል። ስለዚህ እትዬ ሙባረካ ለኮምቦልቻዎቹ አስቀድመው ልከው ነበር፤ «ለልጄ ሐብልም አምባርም አልፈልግም። አዲስ የወርቅ ሳንቲም፣ የሰው እጅ ያልነካው፣ እንከን የሌለው።»

መጣ። የጃፈር ወንድም ከዱባይ የላከው ነው። መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል፤ ከላዩ ትንሽ ወረቀት አለችው፣ ወረቀቷ ላይ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ መጨረሻ «69» የሚል ቁጥር።

«ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» አሉ እትዬ ሙባረካ።

«ደረጃው ነው እናቴ» አለ ጃፈር፣ ደስ ብሎት። «አዋቂዎች በመነፅር አይተው ነው የሚሰጡት። ከሰባ ነው የሚታረመው። ከሰባ ስልሳ ዘጠኝ!»

«አንዷስ?»

«የቷ አንዷ?»

«ከሰባ የጎደለችው አንዷ። ማን በላት?»

ጃፈር አጎቱን አየ። አጎቱ ጣሪያውን አዩ። «እትዬ» አሉ አጎትዬው፣ «እኔ ሒሳብ ከመቶ ሠላሳ አምጥቼ እንኳ ሚስት ተሰጥቶኛል። ስልሳ ዘጠኝ ከሰባ እኮ ነው ያልነው።»

«ሚስትዎን የሰጠዎ ሰው ደብተርዎን አላየ ይሆናላ!»

ጋሽ ኸሊፋ ሳቃቸውን ሊውጡ ሲሉ ትን አላቸው። እትዬ ሙባረካ ግን አልሳቁም። ወርቅ ሠሪ ይጠራ እንዳይባል የከተማው ወርቅ ሠሪ የጃፈር አጎት የድሮ ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ አሰቡና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ትሁትን ጥሯት! ያቺ ልጅ ዓይኗ ሌላ ነው። ያቺን አንድ ታግኝልኝና አይቼ ልወስን።»

ይሄ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ኸሊፋ ራሳቸው አዲስ ጣቃ በመጣ ቁጥር «ትሁቴ፣ ነይ እስቲ ይቺን እይልኝ» ይሏታል፤ እሷም አንዲት የተዘለለች ክር ፈልጋ ታወጣለች።

ትሁት ጥቁር ጨርቋንና ጋሽ ፈለቀ አዲስ ሲገዙ የሰጧትን አሮጌ አጉሊ መነፅር ይዛ መጣች። እንዲህ ሁሉም ሰው እሷን ብቻ ያየበት ቀን ኖሮ አያውቅም። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ፕላስቲኩን አገላብጣ አየችውና ሥራ ላይ የምትለውን አለች፦

«ይሄ ይከፈት። ከነጆንያው ቡና አይታይም።»

ማንም አልተቃወመም። እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ቡና አገር ነው የኖረው፤ ጃፈርና አጎቱም ቢሆኑ ነጋዴ ናቸው፣ ከነማሸጊያው ዕቃ ገዝተው አያውቁም። ጋሽ ኸሊፋ የጨርቅ መቀሳቸውን አምጥተው ጠርዙን ፈለቀቁት። ፕላስቲኩ ቀው ብሎ ተሰነጠቀ። ሳንቲሙ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ወደቀ።

ውይ፣ ማማሩ! አንድ ፊቱ የቴምር ዛፍ ነው፣ ሌላው ፊቱ ክንፉን የዘረጋ ጭልፊት። ትሁት ጣቷን ሳታስነካ በጨርቁ ጫፍ ይዛ አዘነበለችው። መጀመሪያ ጠርዙን ዞረች፤ ጥርሶቹ አንድ ባንድ እኩል ናቸው። ከዚያ ሜዳውን፣ ምንም ያልተቀረፀበትን ልሙጡን ቦታ አየች። እንደ ጠዋት ኩሬ የረጋ ነው፣ የፀጉር ያህል ጭረት የለበትም። ከዚያ የዛፉን ቅጠል፣ ከዚያ የጭልፊቱን ዓይን። ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። አጎትዬው ማዛጋት ጀመሩ።

ከጭልፊቱ ግራ ክንፍ ሥር አገኘቻት። የመርፌ ጫፍ የማታክል ቀላ ያለች ነጥብ። ያለ መነፅር የለችም፤ በመነፅርም ብርሃኑ በአንድ በኩል ሲመጣ ብቻ ነው የምትታየው። ትሁት እንዳየቻት ገባት። ያቺ የጎደለችው አንድ ይቺው ናት። አዋቂዎቹ አይተዋታል፣ አንድ ነጥብ ቀንሰውላታል፣ አለቀ። ሒሳቡ ተዘግቷል። ሳንቲሙ እሷ በሕይወቷ ካየችው ነገር ሁሉ ንጹሑ ነው።

ቀና አለች። ናፊሳ ጭማቂ የያዘ ትሪ ተሸክማ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ሳንቲሙ ላይ አይደለም፣ ጃፈር ላይ ነው። ትሁት ያኔ ነው ነገሩን በሙሉ ያየችው። ናፊሳ ልትሄድ ነው። ነገ ማታ፣ ከነገ ወዲያ ማታ፣ ከዚያም በኋላ ያለው ማታ ሁሉ ታያት። ከሥራ ወጥታ፣ ስምንት ሰዓት የተጠራቀመ ወሬ ይዛ፣ የክፍሏን ቁልፍ ስትከፍት።

«አገኘሻት?» አሉ እትዬ ሙባረካ።

«አገኘኋት።»

«ታዲያ ያልፋል ወይስ አያልፍም?»

«አያልፍም» አለች ትሁት።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ድምፁ ጎላባት። አሁን መተው አይቻልም፣ ማስረዳት አለባት። መነፅሩን ለእትዬ ሙባረካ ሰጥታ ነጥቧን አሳየቻቸው። «ይቺ ቀይ ነገር… አንድ የሸተተ ፍሬ ጀበናውን ሙሉ ያበላሻል አይደል? ይቺም እንደዚያው ናት። እያደረች ትሰፋለች።» ትሰፋለች የምትለዋን ከየት እንዳመጣቻት እሷም አታውቅም። እትዬ ሙባረካ እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ።

«ይኸው!» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። «ይኸው፣ አላልኩም?»

ጃፈርና አጎቱ ጭማቂውን ሳይጠጡ ወጡ። ሳንቲሙ ነገሩ እስኪያልቅ ጋሽ ኸሊፋ ዘንድ አደራ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ጃፈር ከመንገድ ደወለ። ወንድሙ ዱባይ ያለውን ሻጭ ጠይቆት ነበር፤ ሻጩ ስቆ ሊሞት። ማሸጊያው አንዴ ከተከፈተ ስልሳ ዘጠኝ የሚባለው ነገር የለም፣ መቀየርም የለም፣ ደረጃውን የሚጠብቀው ፕላስቲኩ ነው አለ። ይሄን የሰሙት የጃፈር አባት ነደዱ። «ንጹሕ ዕቃ ላክን፣ በመቀስ ፈልቅቀው ጉድለት አወጡለት! እስከሚቀጥለው ሳምንት ጁምአ ወይ እሺ ይበሉ፣ ወይ ለልጄ ሌላ ቤት አለ» ብለው ላኩ።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ትሁትን የወቀሳት በማሸጊያው ነው። ጋሽ ኸሊፋም «አይ ትሁቴ፣ ባናስከፍት ይሻል ነበር» አሏት፤ ወዲያው ደግሞ «ምን ታደርጊ፣ መቀሱን ያቀበልኩሽ እኔው ነኝ» አሉ። እሱ እኮ የእውነት ስህተት ነበር፤ ባለማወቅ ነው። አውቃ ያደረገችውን አንድም ሰው አልጠየቃትም።

ናፊሳ ግን ቀረች። እዚሁ ናት! ማታ ማታ ከእናቷ ጋር ላለመነጋገር ብላ ትሁት ክፍል መጥታ ትተኛለች። ትሁት ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ቂጣ ትጋግርላታለች፣ ታወራላታለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር። ያሳፍራል፣ ግን ደስ ብሏት ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አስተዋለች። ናፊሳ «ከዚያስ» አትልም። ትሁት ስለ ተቆጣጣሪው አዲስ ኮፍያ አሳምራ ታወራለች፣ ናፊሳ ግድግዳውን ታያለች፣ እንባዋ ዝም ብሎ በአፍንጫዋ ጎን ይወርዳል። ትሁት ወሬዋን መሐል ላይ ብታቆመውም ናፊሳ አላወቀችባትም። በአንዲት ጠባብ አልጋ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተኝተው፣ ትሁት መጋዘን ውስጥ እንኳ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ማታ፣ ስልኩ ጠራ። ትሁት በረንዳው ላይ ልብስ እያጠበች ነበር፣ እጇ አረፋ በአረፋ ነው። ናፊሳ ክፍል ውስጥ ሆና ከጃፈር ጋር ስትነጋገር ይሰማታል። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ጮክ ብላ፦

«እሷን እንዲህ አትበላት! … አትበላት አልኩህ! … ምቀኛ? ትሁት ናት ምቀኛ? ስማ፣ አንተን ማወቄ አንድ ዓመቴ ነው፣ እሷን አምስት ዓመቴ ነው። ትሁት አትዋሸኝም። አያልፍም ካለች አያልፍም፣ በቃ!»

ስልኩን ዘጋችው። ወጣችና በረንዳው ላይ፣ ከገንዳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። «አልቋል» አለች። «ይሻላል። ባንቺ ላይ እንዲህ የሚያወራ ሰው ምን ያደርግልኛል?»

ትሁት ወደ ገንዳው አጎነበሰች። ያንኑ አንድ ሸሚዝ አሸችው፣ አሸችው፣ አንገትጌው እስኪሳሳ።

በማግስቱ ናሙና ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆጥራ ሦስት ጊዜ ቁጥሩ ጠፋባት። ጋሽ ፈለቀ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።» ከዚያ እጇን ከጨርቁ ላይ አንስታ፣ «ጋሽ ፈለቀ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አንድ ዕቃ አለ እንበል። ሌሎች አዋቂዎች አይተው ስልሳ ዘጠኝ ሰጥተውታል፣ ከሰባ። እኔም አየሁት። አንዲት ቀይ ነጥብ አገኘሁ። ይጣላል?»

«ዕቃው ምንድን ነው?»

«ወርቅ።»

ጋሽ ፈለቀ ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ። «ነጥቧን አንቺ ነሽ ያገኘሽው፣ ወይስ እነሱም አይተዋታል?»

«አይተዋት ነው አንድ የቀነሱት።»

«ታዲያ ሁለቴ ልትቀጪው ነው?» አሉ። በቀን አስር ቃል የማይወጣቸው ሰውዬ ያን ቀን ቃላቸውን ሁሉ በእሷ ላይ ጨረሱት። «ስሚ ልጄ። እንከን ማየት ምንም አይደል፣ የጎረቤት ሴትም ታያለች። ደሞዝ የሚከፈለን እንከኑ ስንት እንደሚያስቀንስ ስለምናውቅ ነው። አንድ የሚቀነስበትን ቡና ውድቅ ብዬ ብጽፍበት ገበሬው ምን ይለኛል? አላወቀም ይለኛል። አውቄ ከሆነ የጻፍኩት ግን…» ጨረስኩ ለማለት እጃቸውን አወዛወዙና ማንኪያቸውን አነሱ።

ትሁት ያን ቀን ማታ አልተናገረችም። ድፍረት አልነበራትም። ሐሙስ ግን፣ ነገ ጁምአ ነው፣ ጋሽ ፈለቀን አስፈቅዳ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው ተጣቧል፤ ከሺሺንዳ የመጣ አውቶቡስ በር ላይ በግ ይጮሃል። በመደበኛ ቀን ቢሆን ይሄን ሁሉ ለወሬ ትይዘው ነበር። ዛሬ ምንም አላየችም።

ሱቁ ውስጥ ጋሽ ኸሊፋ ለአንድ ሰውዬ ሱፍ እየለኩ ነው። እትዬ ሙባረካ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ናፊሳ ጥግ ላይ ጣቃ ትጠቀልላለች። ትሁት ሰውዬው ከፍሎ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ገባች።

«ሳንቲሙ ያልፋል» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ እትዬ ሙባረካ።

«ያልፋል። ደህና ነው። በጣም ደህና ነው። የጎደለችው አንድ ያቺ ነጥብ ናት፣ ሌላ የለውም። አትሰፋም። ትሰፋለች ያልኩት ከራሴ ነው።»

«ያኔ አላወቅሽም ነበር?» አሉ ጋሽ ኸሊፋ፣ ሊያግዟት ፈልገው። ደግ ሰው ናቸው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

«አውቄ ነበር» አለች። «ሳየው አውቄ ነበር።»

ጋሽ ኸሊፋ የሚለኩበት ሜትር ከእጃቸው ወርዶ ባንኮኒው ላይ ተጋደመ። እትዬ ሙባረካ ከበርጩማቸው ተነሱ።

«ምን በድለንሽ ነው?» አሉ። ይጮሁብኛል ብላ ነበር፤ አልጮሁም። የእውነት ነው የጠየቋት። «ልጄ፣ እኛ ምን በድለንሽ?»

«ምንም። እናንተ ምንም አልበደላችሁኝም። እንዳትሄድብኝ ነው።»

ናፊሳ ጣቃውን ቀስ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«አስራ አንድ ቀን» አለች። «አስራ አንድ ቀን ሙሉ አለቀስኩ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ፀጉሬን ትሠሪልኛለሽ።»

«ናፊ…»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ስልኩን ዘጋሁበት! ትሁት አትዋሸኝም አልኩት። ሰምተሻል፣ እዚያው በረንዳው ላይ ነበርሽ። ዝም ብለሽ ሸሚዝ ታሻለሽ!»

ከጨርቁ ጀርባ ገባች፤ ስትደውልለት በምትገባበት ቦታ። እዚያው ሆና እንደገና ለጃፈር ስትደውል ተሰማ። ድምፁ ሹክሹክታ ስለነበር ትሁት ምን እንዳለችው አልሰማችም። ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይቀር ሲነገራት ነበር፤ ይሄኛው አልተነገራትም።

ጋሽ ኸሊፋ ያንኑ ማታ ኮምቦልቻ ደወሉ። «ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ ለጃፈር አባት። «ባለማወቅ ከፈትነው፣ ባለማወቅ ተቸነው። ሳንቲሙ ወርቅ ነው፣ ልጅዎም ወርቅ ነው።» የትሁትን ስም አላነሱም። ትሁት በግድግዳው ይሄን ስትሰማ ከናፊሳ ቁጣ ይልቅ ስሟን አለማንሳታቸው ከበዳት።

ኒካው በወሩ ሆነ። ማንም ትሁትን አትምጪ አላላትም፤ ነይም አላላትም። ከሰዓት በኋላ ግቢው በሰው ሞላ፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፣ ልጆች በሯን እየገፉ ለድብብቆሽ ይገባሉ። እትዬ ሙባረካ በትልቅ ሳህን ምግብ ላኩላት፤ ሩዝ፣ ሥጋ፣ ሁለት ሳምቡሳ። ሳህኑ ሞልቶ የፈሰሰ ነው፣ ለሦስት ሰው ይበቃል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የቻለችውን በላች። እንግዳ የሚቀመጠው መሬት በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ መሆኑን፣ ናፊሳ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደለበሰች፣ አጎትዬው ዛሬስ ምን እንደቀለዱ፣ ሁሉንም በድምፅ ብቻ ለመገመት ሞከረች።

በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል በሯ ተንኳኳ። ናፊሳ ናት፤ ለመንገድ ለብሳለች፣ እጇ እስከ ክንዷ ሂና ነው።

«ልንሄድ ነው» አለች።

«እሺ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ ብትዪኝ አድርጌልሻለሁ እልሻለሁ። ግን ከልቤ አይሆንም። ገና ነኝ።»

«እሺ።»

«ደውዪልኝ አላልኩሽም። አትደውዪልኝም አላልኩሽም።»

«እሺ» አለች ትሁት።

እንዲህ በሦስት እሺ ብቻ ያለቀ ወሬ በመሐላቸው ኖሮ አያውቅም። ናፊሳ እጇን ዘርግታ የትሁትን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት፣ እንደ ልማዷ፣ ሳታስበው። ከዚያ ትዝ ሲላት እጇን ሰበሰበችና ወጣች።

ትሁት መናኸሪያ ድረስ ተከተለቻቸው። አጠገባቸው አልቆመችም፤ ከሻይ ቤቱ ጥግ ነው የቆመችው። እትዬ ሙባረካ አልቻልኩም ብለው እቤት ቀርተዋል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፍራሽ ታሰረ፣ ሣጥን ታሰረ፣ ማር የያዘ ጀሪካን ታሰረ። ጋሽ ኸሊፋ ልጃቸውን ሊያስቀምጡ ገቡ። ገብተው አልወጣ አሉ። ረዳቱ በሩን መታ፣ አውቶቡሱ ተነሳ፣ እሳቸው በመስኮት እጃቸውን እያወናጨፉ «አቁም! እኔ ሰጪ ነኝ እንጂ ሂያጅ አይደለሁም! አቁም አንተ!» ይላሉ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍቷል፣ አይሰማም። የናፊሳ ሻሽ ከመስኮቱ ተውለበለበ። ጋሽ ኸሊፋ ከነኮታቸው፣ አንድ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላኛው ላይ ካልሲ ብቻ፣ ቁልቁል ተወስደው ከመታጠፊያው ተሰወሩ።

መናኸሪያው በሙሉ ሳቀ። ትሁትም ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ። እየሳቀች ዞረችና ሮጠች። ገና ከአሁኑ ወሬውን በአፏ እያዘጋጀችው ነው። ሰጪ ነኝ እንጂ ሂያጅ አይደለሁም የምትለዋን በጋሽ ኸሊፋ ድምፅ ነው የምትላት፣ የካልሲውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የምትነግራት። ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። ሱቁ ደጃፍ ደርሳ እጇ መዝጊያውን ሲይዝ ነው ወደ ናፊሳ እየሮጠች እንደነበር ያወቀችው።

እትዬ ሙባረካ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ሰፊ አቡጀዲ ብቻቸውን ሊያጣጥፉ ይታገላሉ፤ ጫፉ መሬት ይጎተታል። ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው አብጧል።

«ጫፉን ያዢ» አሉ።

ያዘችው። ወደ ኋላ ሄዳ ወጠረችው፣ ቀርባ አገናኘችው፣ እንደገና ወደ ኋላ ሄደች። ሲጨርሱ ሌላ አነሱ።

«ጋሽ ኸሊፋ የት ቀሩ?» አሉ እትዬ ሙባረካ፣ ጨርቁን እያዩ።

«አውቶቡሱ ይዟቸው ሄደ።»

እትዬ ሙባረካ አልሳቁም፣ ምን ማለትሽ ነው ብለውም አልጠየቁ። ራሳቸውን ነቀነቁና የጨርቁን ጠርዝ አስተካከሉ። ያ ሁሉ ወሬ ሦስት ቃል ሆኖ አለቀ። ትሁት ሥራ እስክትገባ ሃያ ደቂቃ ነበራት፤ ሃያውንም ደቂቃ አጣጠፉ።